ስሟን ለብሶ የገባ

ሃያ ስድስት ዓመት በለገሃር ጉምሩክ ጠመኔ ይዤ ቆምኩ፣
ሻንጣ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ «እለፍ» አልኩ፣ «ቁም» አልኩ።
ከጅቡቲ ስትገባ ባቡሯ እያቃሰተች፣
ጣቴ ከሩዙ ጆንያ ሥር ሬዲዮኑን እያሸተተች፣
አንድም ቀን አልሳትኩም።
(እሺ፤ አንድ ቀን ስቻለሁ። ዴቃን። አሁን አላወራውም።)

ጡረታ ወጣሁ፤ ባቡሯ ግን ቀድማኝ ወጣች።
ልጄ ሰናይት ከታይዋን ተራ ኮምፒውተር ይዛልኝ መጣች፤
እናቷ የሠራችውን ዳንቴል አለበስኩት፣
እንደ ሙሽራ ጥግ አስቀመጥኩት።

የግንቦት ቀትር ነው፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣
የሣጥኑ ፋን ዳገት እንደያዘ ሎኮሞቲቭ ያለከልካል።
«ጋሼ ተካልኝ፣» አለ ሙህየዲን፣ የጎረቤቴ ልጅ፣
«ይሄ እኮ ቫይረስ ይዞታል።»
«በየት ገባ?»
«በፍላሽ ነዋ።»
ፍላሽ! ያቺ ጥፍር የምታክል፤ ከሠርግ ቤት ወደ ፎቶ ቤት፣
ከፎቶ ቤት ወደ እኛ ቤት፣
በየኪሱ ስትዞር አንድ ኬላ ያላያት!
ጎንበስ ብዬ ቆጠርኩ፤ ሣጥኑ አራት በር አለው፣
አንዱንም ሰው አይጠብቀው።

አንቲቫይረስ ማውረድ ጀመርን፤ ነፃውን።
ስልሳ በመቶ ሲደርስ መብራት ሄደ።
መብራት መጣ፤ እንደገና ከዜሮ ወረደ።
«እስማማለሁ» በሉ አለኝ፤ ሃያ ገጽ ውል አለ ከኋላው፣
ሳላነብ ተጫንኩ። እኔ! ማኅተም ሳላይ የማላልፈው።

ከዚያ ፍተሻ።
አረንጓዴዋ መስመር ስትሳብ መዳፌን በላኝ፤
የገዛ ሙያዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አየኝ።
ፋይል በፋይል ትከፍታለች፤ ዘመድ አታውቅ፣ «ሻይ በሉኝ» አትል፣
ከስምንት ሰዓት በኋላ ለጫት ብላ ሥራ አትጥል።
ወንበሬን አስጠግቼ እንደ ባልደረባ አየኋት፣
«በርቺ» አልኳት።

ቀይ።
ዐሥራ አራት ተያዙ። ዐሥራ ሦስቱን አላውቃቸው፣
የቁጥርና የፊደል ክምር ነው ስማቸው።
ዐሥራ አራተኛው ግን «አልጋነሽ» ይላል።

አልጋነሽ ባለቤቴ ናት። ፎቶዋ ሁሉ እዚያ ማኅደር ውስጥ ነው፤
ካረፈች አራት ዓመቷ ነው።
«ይጥፋ፣ ይታሰር ወይስ ይለፍ?» ሙህየዲን ተረጎመልኝ፤
ማሽኑ አይቸኩልም፤ ዝም ብሎ ጠበቀኝ።

እንግዲህ ዴቃ። ያን ቀን ቀሚሷ ሰፊ፣ እርምጃዋ የከበደ፣
«የአልጋነሽ ጎረቤት ነኝ» አለች፤ ጠመኔዬ በራሱ ሄደ።
ማታ ሚስቴን ብጠይቃት፣ «የቷ ዴቃ?»
ዐሥራ አንድ ሜትር ሐር አልፎኛል፣ በሚስቴ ስም ታሽጎ፣ በቃ።

«ይጥፋ» አልኩ።

ጠፋ። ማኅደሩም አብሮ ጠፋ። ላቤ አንገቴ ላይ በረደ።
አንዱን እንኳ አላሳተምኩም፤ ጉልበቴ ራደ።
ሙህየዲን ሳቀ። ልጅ ነው፣ ልጅ በማይሳቅበት ይስቃል፦
«ጋሼ፣ ያጠፉት እኮ እሷን አይደለም። ይሄ ሌባ ስም ይሰርቃል፤
ባለስሟን ጓዳ ደብቆ፣ በሯ ላይ እሱ ይቆማል።»

«የተደበቀውን አሳይ» የሚል ነገር ነካ።
ብቅ አለች፤ ፈዘዝ ብላ፣ ከመጋረጃ ጀርባ እንደቆመ ሰው።
ሦስት መቶ ዐሥር ፎቶ። አንዲት ቪዲዮ፦
ደቻቱ ድልድይ ላይ አልጋነሽ፣ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣
«ቀና አድርገው አንተ፣ እግሬን እኮ ነው የምትቀርጸው!»

ሰባት ጊዜ አየሁት።

አሁን በየማለዳው አፕዴት ነው፤ የአዳዲስ ሌቦች ዝርዝር ይመጣል፣
ድሮ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰርኩላር እንደሚመጣው።
ፍላሽ ይዞ የመጣ፣ ሰናይትም ብትሆን፣ መጀመሪያ ይፈተሻል።
ካለፈ ከመሳቢያዬ ጠመኔ አወጣለሁ፣
ጀርባው ላይ አንዲት ጭረት አደርጋለሁ።
ሙህየዲን «ይለቃል እኮ» ይለኛል።
ይልቀቅ። ነገም እፈትሻለሁ።